ቪልሄልም ሺምፐርና አበባ የሌለው ተክል



ኦክላንድ ያላችሁ ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ወዳለው የሬድዉድ ጫካ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ አይደል? የሳን ሆዜዎቹም ከወላጆቻችሁ ጋር ወደ ሳንታ ክሩዝ ተራሮች ስትወጡ ያንኑ ዓይነት ጫካ ታገኛላችሁ። ከእነዚያ ሰማይ ጠቀስ ዛፎች ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ ቅጠሉ እንደ ትልቅ ላባ የሆነ አረንጓዴ ተክል አለ። ፈርን ይባላል። እኛ ሁላችን አንገታችንን አቅንተን ዛፎቹን ስናይ እሱን ዝም ብለነው ነው የምናልፈው።

በሚቀጥለው ጊዜ ግን ቆም በሉና አንዱን ቅጠል ሳትቆርጡ ቀስ ብላችሁ ገልበጥ አድርጉት። ከጀርባው በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ ቡናማ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። አንዳንድ ሰው የነፍሳት እንቁላል ወይም የቅጠል በሽታ ይመስለዋል። አይደለም። ተክሉ ልጆቹን ወደ ዓለም የሚልከው ከዚያ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ቅጠል እያገላበጠ ዕድሜውን ስለጨረሰ ሰው ነው። ስሙ ቪልሄልም ሺምፐር ይባላል። የናንተ ወላጆች ከኢትዮጵያ ወደዚህ አገር መጡ፤ ሺምፐር ደግሞ ከጀርመን ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ እዚያው ኖሮ፣ እዚያው ወልዶ፣ እዚያው የሞተ ሰው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከወታደርነት ወደ ዕፅዋት

ሺምፐር የተወለደው በ1804 በጀርመን አገር፣ በባቫሪያ ነው። ቤተሰቡ የተፈጥሮ ትምህርት ወዳድ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ካርል ፍሪድሪክ ቅጠሎች በግንድ ላይ የሚደረደሩበትን ሥርዓት ያጠና ሊቅ ነው፤ የበረዶ ዘመን የሚለውን ስም በ1837 ያወጣውም እሱ ነው። የአጎታቸው ልጅም ስለ ሽበት መሳይ ትንንሽ አረንጓዴ ተክሎች፣ ስለ ሞስ ማለት ነው፣ በማጥናት የታወቀ ሰው ሆነ።

ቪልሄልም ግን መጀመሪያ ወታደር ነበር። ኋላ ነው ወደ ተፈጥሮ ትምህርት የዞረው። ገንዘብ አልነበረውም። ታዲያ ያለ ገንዘብ ዓለምን ዞሮ ተክል መሰብሰብ እንዴት ይቻላል?

መልሱ ኤስሊንገን በምትባል የጀርመን ከተማ ነበር። እዚያ ሁለት የዕፅዋት ሊቃውንት፣ ሽቶይደልና ሆክሽቴተር፣ አንድ የጉዞ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ነገሩ እንደኛ ዕቁብ ትንሽ ይመስላል። አባላቱ ገንዘብ አስቀድመው ያዋጣሉ፤ በዚያ ገንዘብ አንድ ሰው ወደ ሩቅ አገር ይላካል፤ ሰውየው የሚልከው የደረቀ ተክል ደግሞ ለአባላቱ ይከፋፈላል። ሺምፐር በዚህ መንገድ መጀመሪያ አልጄሪያ ሄደ። በ1834 ደግሞ ከአንድ ጓደኛው ጋር ወደ ግብፅ ተላከ። ጓደኛው እዚያው ግብፅ ውስጥ በወረርሽኝ ሞተበት። ሺምፐር ብቻውን ጉዞውን ቀጥሎ ሲናንና የዓረብ አገርን ዞረ፤ በ1837 ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በምጽዋ በኩል አድዋ ገባ። ያን ጊዜ ዕድሜው ሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ነበር።

አድዋ

አድዋ ስንል ሁላችሁም የምታስቡት በ1896 የተደረገውን ጦርነት ነው። ሺምፐር የደረሰው ግን ከዚያ ወደ ስድሳ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ከከተማዋ አጠገብ ያለውን የሶሎዳ ተራራ እየወጣ እየወረደ ዕፅዋቱን ሰበሰበ። ከዚያ ወደ ሰሜን ተራሮች ብርድ ወጣ፤ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሙቀትም ወረደ።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ተክሉ እንደተለቀመ በወረቀት መሃል ተዘርግቶ ይጫናል። እርጥበቱን ወረቀቱ ሲመጠው ሌላ ደረቅ ወረቀት ይቀየርለታል። በክረምት፣ ዝናቡ ሲያስቸግር፣ ካልተጠነቀቁ ሁሉም ይሻግታል። ደርቆ ሲያበቃ በእንስሳ ተጭኖ እስከ ምጽዋ፣ ከዚያ በጀልባ በቀይ ባሕር፣ ከዚያም እስከ አውሮፓ ይሄዳል። ያኔ የስዊዝ ቦይ ገና አልተቆፈረም፤ የተከፈተው በ1869 ነው።

እያንዳንዱ ተክል ቁጥር አለው። የተገኘበት ቦታና ቀን ይጻፍበታል። እኔ በሥራዬ የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይኼ ነገር በጣም ደስ ይለኛል። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ሂሳብ ውስጥ እንደማይገባ ሁሉ፣ ቦታና ቀን ያልተጻፈበት የደረቀ ቅጠልም ለሳይንስ ብዙም አይጠቅምም።

ሌላም ነገር አለ። ሺምፐር ከአንድ ዓይነት ተክል አንድ ብቻ አይለቅምም፤ ብዙ ቅጂ ይለቅማል። ምክንያቱም አባላቱ ብዙ ናቸው፣ ለሁሉም መዳረስ አለበት። ይህን ነገር አስታውሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ፈርን እንዴት ነው የተሠራው?

የአበባ ተክል የሚለቅም ሰው አበባውን ወይም ፍሬውን አብሮ መያዝ አለበት፤ አለዚያ ተክሉ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ፈርን ግን አበባ የለውም። ፍሬ የለውም። ዘርም የለውም። ታዲያ በምን ይለያል?

ከታች እንጀምር። የብዙ ፈርኖች ግንድ አይታይም። ከመሬት በታች ወይም ከመሬቱ ጋር ልክ ሆኖ እንደ ዝንጅብል ተጋድሞ ይሄዳል፤ ሥሮቹ ከሱ ወደ ታች፣ ቅጠሎቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። አዲስ ቅጠል ሲወጣ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ተጠቅልሎ ነው። ቀስ በቀስ ይፈታና ይዘረጋል። ሲያድግ ከጀርባው እነዚያ ቡናማ ነጠብጣቦች ይወጣሉ።

እያንዳንዷ ነጠብጣብ የብዙ ደቃቅ ከረጢቶች ስብስብ ናት። በብዙዎቹ ላይ ቀጭን ክዳን አለ። እዚህ የሬድዉድ ጫካ ውስጥ የምታዩት ፈርን ክዳኑ ክብ ነው፤ እንደ ጃንጥላ መሃሉ ላይ ተተክሏል። በአንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ክዳኑ የኩላሊት ቅርጽ አለው። በሌላው ነጠብጣቦቹ የቅጠሉን ዳር ተከትለው እንደ ጥለት ይዞራሉ። ስለዚህ ፈርን የሚለየው በጀርባው ነው ማለት ነው። ሺምፐርም ፈርን ሲለቅም ጀርባውን አይቶ፣ ነጠብጣብ ያለውን ቅጠል መምረጥ ነበረበት።

ማንም ያላወቀው ምስጢር

አሁን ልብ በሉ። ሺምፐር አድዋ ሲገባ፣ በ1837፣ ፈርን እንዴት እንደሚራባ በትክክል የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም!

በድሮ ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ሰዎች ተክል ሁሉ ዘር አለው፣ የፈርን ዘር ያልታየው የማይታይ ስለሆነ ነው ይሉ ነበር። ያንን ዘር ያገኘ ሰው ራሱም ከዓይን ይሰወራል ብለው ያምኑ ነበር። (የቤት ሥራ ላልሠራ ተማሪ መቼም ጥሩ ነበር!) በ1790ዎቹ ጆን ሊንድሴ የሚባል ጃማይካ የሚሠራ ሐኪም ከቅጠሉ ጀርባ የሚረግፈውን አቧራ አፈር ላይ ዘርቶ ሲበቅል አየ። አቧራው ሕይወት እንዳለው ታወቀ። ግን መሃል ላይ ምን እንደሚደረግ ገና ግልጽ አልነበረም።

ምስጢሩን የፈታው ሺምፐር አይደለም። ላይፕዚግ በምትባል የጀርመን ከተማ የሙዚቃና የመጻሕፍት ሱቅ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ቪልሄልም ሆፍማይስተር ይባላል። ሆፍማይስተር ዩኒቨርሲቲ አልተማረም። ዓይኑ የሚያየው በጣም ቅርብ ያለውን ብቻ ነበር። ሱቅ ከመክፈቱ በፊት በማለዳ ተነስቶ ማይክሮስኮፑ ላይ ይደፋል። በ1851፣ ገና በሃያ ሰባት ዓመቱ፣ ያየውን ሁሉ በመጽሐፍ አወጣ። በ1863 ያለ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከረጢቶቹ ውስጥ ያለው አቧራ ስፖር ይባላል። እያንዳንዱ ስፖር አንድ ሴል ብቻ ነው። ከረጢቷን እንደ ቀበቶ የሚዞር የወፈሩ ሴሎች ረድፍ አለ። አየሩ ሲደርቅ ቀበቶው ውሃ እያጣ ወደ ኋላ ይለጠጥና ከረጢቷን ይቀዳታል። ከዚያ በድንገት ሲፈናጠር ስፖሮቹን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወረውራቸዋል። ነፋስ ተቀብሎ ይወስዳቸዋል። አንድ ተክል በሚሊዮን የሚቆጠር ስፖር ሊበትን ይችላል።

አብዛኞቹ ይጠፋሉ። እርጥብ ቦታ ላይ የወደቀው ግን ይበቅላል። የሚበቅለው ግን ፈርን አይደለም! ከጥፍራችሁ የምታንስ፣ ስስ፣ የልብ ቅርጽ ያላት አረንጓዴ ነገር ናት። ሥር የላትም፤ በፀጉር መሳይ ነገር መሬቱን ትይዛለች። ከሆዷ በኩል የወንዴና የሴቴ ክፍሎች ይወጣሉ። ዝናብ ወይም ጤዛ ሲያርሳት የወንዴው ሴሎች በዚያች ስስ ውሃ ውስጥ እየዋኙ ወደ እንቁላሏ ይደርሳሉ። ሁለቱ ሲዋሃዱ አዲስ ፈርን ይጀመራል። ትንሿ ልብ ሥራዋን ጨርሳ ትጠፋለች፤ ፈርኑ ያድጋል። ፈርን እርጥብ ቦታ የሚወደው ለዚህ ነው፤ ውሃ ከሌለ መዋኘት የለም።

እንግዲህ አስቡት፤ የፈርን ልጅ እናቷን አትመስልም። የልጅ ልጅ ግን ቁርጥ አያቱን ነው!

ሹመትና ውድቀት

ወደ ሺምፐር እንመለስ። በዚያን ጊዜ ትግራይንና ሰሜንን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ሺምፐርን ወደዱት። እንትጮ የሚባለውን፣ ከአድዋ ወደ አዲግራት በሚወስደው በኩል ያለውን አገር እንዲያስተዳድር ሾሙት። ኢትዮጵያዊት አግብቶ ልጆች ወለደ። እንደብዙዎቻችሁ ሁለት አገር ያላቸው ልጆች ማለት ነው። ኤድዋርድ ዛንደር ከሚባለው ጀርመናዊ ሠዓሊ ጋር ሆኖም ደጃዝማች ውቤ ሰሜን ውስጥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ሥራ ተካፈለ።

ግን የሰው ሹመት እንደ ጤዛ ነው። በ1855 ደጃዝማች ካሣ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ አሸነፏቸው። ውቤ ለራሳቸው ዘውድ ብለው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ካሣ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሺምፐርም ደጋፊውን አጣ፣ ሹመቱም ቀረ። ከዚያ በኋላ በኖረበት ዘመን ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ሆነ። ንጉሡ ከእንግሊዞች ጋር ሲጣሉ አውሮፓውያኑ ወደ ፈለጉበት መሄድ አልቻሉም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ደረሰ፤ አፄ ቴዎድሮስ ሞቱ፤ እስረኞቹም ተለቀቁ።

ሺምፐር ያን ጊዜ ዕድሜው ስድሳ አራት ዓመት ገደማ ነበር። ብዙዎቹ አውሮፓውያን ወደየአገራቸው ሄዱ። እሱም አገሬ ልግባ ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን የተመለሰው ወደ አድዋ ነው! እዚያው ሥራውን ቀጠለ፤ በ1878 እዚያው አረፈ።

የተበተነው ተረፈ

ከሺምፐር ምን ቀረ? ሹመቱ አልቀረም። ሀብትም አልቀረም። የቀረው ወረቀት ላይ የተለጠፈ የደረቀ ቅጠል ነው። ይኼ ታዲያ ምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል።

በ1943፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በርሊን ያለው ታላቁ የደረቁ ዕፅዋት ክምችት በቦምብ ተመታና አብዛኛው ተቃጠለ። የብዙ ሰብሳቢዎች የዕድሜ ልክ ልፋት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። የሺምፐር ተክሎችም ነበሩበት። ግን አስታውሱ ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? ከአንዱ ተክል ብዙ ቅጂ ይለቅም ነበር። በርሊን ያለው ቢቃጠል ፓሪስ ያለው ተረፈ። ለንደን ያለው ተረፈ። ልክ እንደ ፈርን ስፖር፣ ብዙ ሆኖ ስለተበተነ ፈጽሞ አልጠፋም።

ዛሬ በስሙ የሚጠሩ ብዙ ተክሎች አሉ። አንዱ ድርዮፕተሪስ ሺምፔሪያና የሚባለው የኢትዮጵያ ደጋ ፈርን ነው፤ የነጠብጣቡ ክዳን የኩላሊት ቅርጽ ያለው ነው። ሌላው ምረንዝ የሚባለው መርዛም ዛፍ ነው፤ በሳይንስ ስሙ ውስጥ ሺምፐር አለበት።

አንድ ቅር የሚያሰኝ ነገር አለ፤ እሱንም መደበቅ የለብኝም። ይህ ሁሉ ተክል የሄደው ወደ አውሮፓ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ክምችት የተቋቋመው በ1959 ነው፤ ሺምፐር ከሞተ ከሰማንያ ዓመት በኋላ። የአገሩን ተክል ሊያጠና የፈለገ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት የሶሎዳ ተራራን ቅጠል ለማየት ለንደን ወይም ፓሪስ መሄድ ነበረበት። እንዲያም ሆኖ የኢትዮጵያና የሌላ አገር ሊቃውንት በ1980 አንድ ትልቅ ሥራ ጀመሩ፤ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በሙሉ በስምንት ቅጽ ጽፈው በ2009 ጨረሱ። ፈርኖቹ ያሉበት ቅጽ የወጣው መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ሥራ ውስጥ የሺምፐር ቁጥሮች በየቦታው ይጠቀሳሉ። አሁን ደግሞ ብዙዎቹ ወረቀቶች ፎቶ ተነስተው በኢንተርኔት ይታያሉ። እናንተም ኦክላንድ ወይም ሳን ሆዜ ቁጭ ብላችሁ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት አድዋ ላይ የተለቀመ ቅጠል ማየት ትችላላችሁ።

ልጆች፣ እኔ ከሺምፐር የተማርኩት ይኼን ነው። ትንሽ ነገር ቢሆንም በጥንቃቄ አድርጉት፤ ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉበት፤ ለራሳችሁ ብቻ አትያዙት፣ ለብዙ ሰው አካፍሉት። አማርኛችሁም እንደዚያው ነው። አንድ ቤት ብቻ ከተቀመጠ ሊጠፋ ይችላል። እናንተ ለታናናሾቻችሁ፣ እነሱም ለጓደኞቻቸው ካዳረሱት ግን አይጠፋም።

የቤት ሙከራ

ከወላጆቻችሁ ጋር አድርጉት። በፓርክ ውስጥ ተክል መቁረጥ ክልክል ስለሆነ ቤት ካለ ወይም ከአበባ መሸጫ ከተገዛ ፈርን አንድ ነጠብጣብ ያለው ቅጠል ውሰዱ። ነጠብጣቡን ወደ ታች አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡና ሌላ ወረቀት አልብሱት። በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ቀስ ብላችሁ አንሱት። ነጠብጣቡ ደርሶ ከነበረ ወረቀቱ ላይ የቅጠሉን ቅርጽ የያዘ ቡናማ ዱቄት ታገኛላችሁ። ያንን እርጥብ አፈር ላይ ነስንሱና ክዳን ባለው ብርጭቆ መሳይ ፕላስቲክ ውስጥ ጥላ ላይ አኑሩት። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሳምንታት ያልፋሉ። ትንንሾቹ ልቦች ሲወጡ ክፍል አምጡና አሳዩን። ወረቀቱ ላይ ስማችሁን፣ ቦታውንና ቀኑን መጻፍ እንዳትረሱ!

ጥያቄዎች

1. የፈርን ቅጠል ጀርባ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ምንድን ናቸው?
2. ፈርን ለመራባት ውሃ ለምን ያስፈልገዋል?
3. ሺምፐር ከአንድ ተክል ብዙ ቅጂ መልቀሙ ምን ጠቀመ?
4. ሺምፐር በ1868 ወደ ጀርመን ያልተመለሰው ለምን ይመስላችኋል? ወላጆቻችሁን ጠይቃችሁ በአምስት መስመር ጻፉ።

መልካም ሰንበት ይሁንላችሁ!